ቁጥሩ ይቀመጥ፤ ናሙናው ይወገድ

በአንድ የኤሌክትሪክ መስክ ትምህርት ላይ፣ ቻርጅ ያላቸው ሞለኪውሎች በመስኩ እየተሳቡ እንዴት እንደሚጓዙና እንደየርዝመታቸው እንዴት እንደሚለያዩ ለተማሪዎቻችን እናስረዳ ነበር። ለምሳሌነት የወሰድነው ፖሊስ ተጠርጣሪን ለመለየት የሚጠቀምበትን የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያበቃ ሲል አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ፣ «ታዲያ መምህር፣ የሁሉም ሰው ዲ.ኤን.ኤ. ተወስዶ ለምን አይቀመጥም? ንጹሕ የሆነ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉም ጥያቄውን በማጉረምረም ደገፈው። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር የሰጠነው መልስ አጭርና ደካማ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በመጀመሪያ «ዲ.ኤን.ኤ. ተወሰደ» ሲባል የሚምታቱትን ሁለት ነገሮች እንለይ። ፖሊስ የተጠርጣሪውን ጉንጭ ውስጡን ጫፉ ላይ ጥጥ በተጠቀለለበት ዘንግ ያብሳል፤ ጥጡ ላይ የሚቀሩት ሕዋሳት ናሙና ይባላሉ። ይህ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ተልኮ ከውስጡ ዲ.ኤን.ኤ.ው ይወጣል፤ የተመረጡ ጥቂት ቦታዎችም ፒ.ሲ.አር. በሚባለው ዘዴ ይባዛሉ። አንዱ ዙር እያንዳንዱን ቅጂ ሁለት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከ30 ዙር በኋላ ከአንድ ቅጂ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ይገኛል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቅጂዎቹ በቀጭን ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ መስክ ይነዳሉ። ዲ.ኤን.ኤ. ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ይጓዛል፤ አጭሩ ቀድሞ፣ ረጅሙ ዘግይቶ ይደርሳል። በእነዚያ በተመረጡት ቦታዎች ላይ አንድ አጭር የፊደላት ቅደም ተከተል ደጋግሞ ይገኛል፤ ከሰው ሰው የሚለያየውም የድግግሞሹ ብዛት ነው። አንዱን ከአባታችን፣ ሌላውን ከእናታችን ስለምንወርስ ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ቁጥሮች ይኖሩናል፤ ለምሳሌ 11 እና 14። በእንግሊዝ ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አሠራር 16 ቦታዎችንና አንድ የጾታ ምልክትን ያነባል። ውጤቱ 32 ቁጥሮችና አንድ ምልክት ነው። ፕሮፋይል የሚባለው ይኸው ነው፤ በመረጃ ቋት ውስጥ የሚገባውም ይኸው ነው።

አሁን ሁለቱን በመረጃ መጠን እናወዳድር። ፕሮፋይሉ በአንድ አጭር የሞባይል መልእክት ውስጥ ቦታ ተርፎት ይገባል። ናሙናው ግን የሰውየውን ሙሉ የዘር መረጃ፣ ማለትም ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላትን ይዟል። የፊደሉ ዓይነት አራት ስለሆነ አንዱ ፊደል ሁለት ቢት ይፈልጋል፤ በጠቅላላው 6 ቢሊዮን ቢት፣ ወይም 750 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህ አንድ ሲዲ ከመሙላት አልፎ የሚተርፍ ነው። ስለዚህ ፖሊስ የሚፈልገው አንድ መልእክት ሆኖ ሳለ የሚወስደው አንድ ሙሉ ሲዲ ነው። በዚያ ሲዲ ላይ ሰውየው በወጣትነቱ የማያውቀው፣ በሃምሳ ዓመቱ ሊገለጥ የሚችል የዘር በሽታ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማንበብ የማንችለውና የዛሬ ሃያ ዓመት የሚነበብ ነገርም ተጽፎበታል። ናሙናው ደርቆ ወረቀት ላይ ቢቀመጥ፣ ወይም በጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢከተት፣ ሰውየውን ራሱን ሊያረጅበት ይችላል።

ይህ ልዩነት በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ እስኪያገኝ ረጅም ጊዜ ፈጅቷል። ታሪኩ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር፣ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። አሌክ ጄፍሪስ በመስከረም 1984 በቤተ ሙከራው ውስጥ ያነሣውን የኤክስሬይ ፊልም ሲመለከት፣ የዲ.ኤን.ኤ. ልዩነት ሰውን ከሰው ለመለየት እንደሚያስችል ተገነዘበ። በዚያው አካባቢ በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገድለው ነበር። አንድ የ17 ዓመት ወጣት ሁለተኛዋን ገደልኩ ብሎ አመነ። ፖሊስም የመጀመሪያዋን ገዳይ እሱ መሆኑን እንዲያረጋግጥለት ጄፍሪስን ጠየቀ። ምርመራው ግን ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው መሆኑን፣ ያ ሰው ደግሞ ያመነው ወጣት አለመሆኑን አሳየ። እንግዲህ ዲ.ኤን.ኤ. በወንጀል ምርመራ ውስጥ ሥራውን የጀመረው በራሱ አንደበት የተፈረደበትን ንጹሕ ሰው ነጻ በማውጣት ነው። ይህን ተማሪዎቻችን እንዳይረሱት እንፈልጋለን፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንሰነዝረው ትችት ሁሉ የዚህን ዘዴ ውለታ ለመካድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ፖሊስ የአካባቢውን ወንዶች በሙሉ ለምርመራ ጠራ፤ ወደ 5000 የሚጠጉ ወንዶችም ናሙና ሰጡ። ገዳዩ ግን የሥራ ባልደረባውን አግባብቶ በእሱ ስም ደም እንዲሰጥለት አደረገ። የተያዘውም በቤተ ሙከራ ጥበብ አይደለም፤ ያ ባልደረባ በመጠጥ ቤት ውስጥ ያወራውን አንዲት ሴት ሰምታ ለፖሊስ በመናገሯ ነው። በጥር 1988 የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደበት።

በ1995 እንግሊዝ በዓለም የመጀመሪያውን ብሔራዊ የዲ.ኤን.ኤ. የመረጃ ቋት አቋቋመች። በመጀመሪያ ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ተከሶ ነጻ የወጣ ሰው ናሙናውም ፕሮፋይሉም ይጠፋለታል። በ2001 የወጣው ሕግ ግን ይህን ሻረው፤ ነጻ የወጣው ሰው መረጃም ያለ ጊዜ ገደብ እንዲቀመጥ ፈቀደ። በ2003 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ክስ ሳይመሠረት፣ በመያዝ ብቻ ናሙና እንዲወሰድ በር ከፈተ። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው ከዚያ መዝገብ ለመግባት ወንጀል መሥራት አላስፈለገውም፤ አንድ የፖሊስ ባልደረባ እንዲጠረጥረው ብቻ በቂ ሆነ።

ማን ይጠረጠራል? የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። በኅዳር 2009 የእንግሊዝ መንግሥት አማካሪ የነበረው የሰው ዘረ መል ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 ከሆኑት ጥቁር ወንዶች መካከል ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በመዝገቡ ውስጥ ሳይገኙ እንደማይቀሩ ገለጸ። ከእነዚህ መካከል ከአፍሪካ ቀንድ ሄደው በለንደን የሚኖሩ ወጣቶች እንደሚገኙበት መገመት አያዳግትም። በመንገድ ላይ ቆመው ሲጫወቱ ደጋግሞ የሚያስቆማቸው ፖሊስ ወደ መዝገቡ ደጋግሞ ያስገባቸዋል፤ ከገቡ በኋላ ደግሞ ትንሽ ጥፋት እንኳ ቢያጠፉ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይገኛሉ። የፊዚክስ ሰዎች ይህን በሌላ ስም እናውቀዋለን፦ የመለኪያ መሣሪያው የሚያነበው የራሱን ማዘንበል ነው።

ጉዳዩን ወደ ፍርድ የወሰዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በ2001 በዘረፋ ሙከራ ተጠርጥሮ ሲያዝ 11 ዓመቱ ነበር፤ ነጻም ወጣ። ሁለተኛው ሰው ላይ የቀረበው ክስ ተቋረጠ። ሁለቱም መረጃቸው እንዲጠፋ ጠየቁ፤ ፖሊስ እምቢ አለ። የአገራቸው ፍርድ ቤቶችም በደረጃው ሁሉ ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረጉት። በመጨረሻም በስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት 17 ዳኞች በታኅሣሥ 4 ቀን 2008 በሙሉ ድምፅ ፈረዱላቸው። ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው መሠረታዊ ነጥብ፣ የማንንም ንጹሕ ሰው መረጃ ጥፋቱንና ዕድሜውን ሳይለዩ፣ ጊዜም ሳይወስኑ በጅምላ ማስቀመጥ የግል ሕይወትን መብት ይጥሳል የሚል ነው። ልጁ በዚያን ጊዜ ጎልማሳ ሆኖ ነበር። መረጃው እስከዚያች ቀን ድረስ በቦታው ነበረ።

በ2012 የወጣውና በ2013 በሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝ ሕግ የዚህ ፍርድ ውጤት ነው። ከ1.7 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የንጹሓንና የሕፃናት ፕሮፋይሎች ከመዝገቡ ተሰረዙ። ይልቁንም እኛን ያስገረመን ሌላው ቁጥር ነው፤ ከ7.7 ሚሊዮን በላይ ናሙናዎች ተወገዱ። ፕሮፋይሉ ከወጣለት በኋላ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቁጭ ብሎ የነበረው ያ ሁሉ ናሙና ለዓመታት ምን ይጠብቅ ነበር? አዲሱ ሕግ ናሙናው ፕሮፋይል እንደወጣለት፣ ቢዘገይ ደግሞ በተወሰደ በስድስት ወር ውስጥ እንዲወገድ ያዛል። በከባድ ወንጀል ተከሶ ነጻ የወጣ ሰው ፕሮፋይል ለሦስት ዓመት ይቆያል፤ በፍርድ ቤት ፈቃድ ሁለት ዓመት ሊጨመርበት ይችላል። ይህን አሠራር በመሠረቱ እንደግፈዋለን። የተፈረደባቸውን በተመለከተ ግን ገና የቀረ ሥራ አለ፤ ይኸው ፍርድ ቤት በየካቲት 2020 ጠጥቶ በማሽከርከር የተቀጣን የሰሜን አየርላንድ ሰው ፕሮፋይል ያለ ጊዜ ገደብ ማስቀመጥም መብት መጣስ ነው ሲል ፈርዷል።

እዚህ ላይ በራሳችን ላይ መከራከር ይኖርብናል። የሙከራ ሳይንስ ሰው ከሚማራቸው ነገሮች ዋናው ጥሬ መረጃን አለመጣል ነው። ለዶክትሬት ትምህርታችን ውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ አንድ የቆየ የመለኪያ መዝገብ ጥለን፣ ከስድስት ወር በኋላ በስሌታችን ላይ ስሕተት ተገኝቶ መመለሻ አጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረቀት መቅደድ አይሆንልንም። ስለዚህ «ናሙናው ይወገድ» የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ሲቀርብልን ከሙያችን ጋር ተጋጭቶብን ነበር። ክርክሩም ቀላል አይደለም። እንግሊዝ በ1995 የጀመረችው 6 ቦታዎችን በማንበብ ነው፤ በ1999 ወደ 10፣ በ2014 ወደ 16 አሳደገችው። ናሙናው ከሌለ የድሮው ፕሮፋይል በአዲሱ ዘዴ ሊታደስ አይችልም። በስሕተት የተነበበም ካለ የሚታረምበት ዋቢ ይጠፋል።

ነገር ግን ጥሬ መረጃ የሚጠበቀው ሙከራው ሊደገም ስለማይችል ነው። የወንጀል ስፍራው ናሙና እንዲህ ያለ ነው፤ በመስኮቱ መስተዋት ላይ የተገኘችው የደም ጠብታ አንድ ጊዜ ከጠፋች አትገኝም። በአሜሪካ ከ1989 ጀምሮ በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነጻ የወጡት ከ300 በላይ ፍርደኞች፣ ሞት የተፈረደባቸውም ጭምር፣ ከእስር ቤት የወጡት አንድ ሰው የድሮውን ማስረጃ በመጋዘን ውስጥ ስላላጣለው ነው። ተጠርጣሪው ግን በሕይወት አለ። አዲስ ጥርጣሬ ከተነሣ፣ በዳኛ ትእዛዝ እንደገና ጉንጩን ማበስ ይቻላል። አድራሻው የሚታወቅ ሰውን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ምን ይረባል? ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ሁለት ፊት አለው፦ ከወንጀል ስፍራ የተገኘው ናሙና ፍርድ ካለቀ በኋላም እንኳ በጥንቃቄ ይጠበቅ፤ ከሰው አካል የተወሰደው ግን ቁጥሩ እንደወጣ ይወገድ። በብዙ አገሮች የሚሠራው የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ያሳዝናል። የሟች ልብስ በመጋዘን እጥረት ይጣላል፤ የያዙት ሰው ምራቅ ግን ይቀመጣል።

ስለ ማከማቻው ይህን ያህል ካልን፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው ወደሚለው እንለፍ። በእንግሊዝ አሠራር ማንም የፖሊስ መኮንን መዝገቡን በቀጥታ ከፍቶ አያይም። ፕሮፋይሉን ፈቃድ ያለው ቤተ ሙከራ ይልካል፤ በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሥር ያሉ ጥቂት ሠራተኞች ያመሳክራሉ፤ ፖሊስ የሚነገረው ተመሳሳይ ተገኘ ወይም አልተገኘም የሚለው ብቻ ነው። የአሜሪካው የፌዴራል መዝገብም ከ1998 ጀምሮ ሲሠራ የሰው ስም አይዝም፤ የሚይዘው ፕሮፋይሉን፣ የናሙናውን ቁጥር፣ የላከውን ቤተ ሙከራና የሠራውን ባለሙያ ማንነት ነው። ስሙ ያለው በላኪው ዘንድ ነው። ሁለት ሰዎች ሁለት ቁልፍ ይዘው ካልተገናኙ የማይከፈተውን ሣጥን ይመስላል፤ ጥሩ ንድፍ ነው።

ንድፉ የሚፈርሰው ከጎኑ ሌላ ሣጥን ሲሠራ ነው። በየካቲት 2022 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ይፋ ያደረገው ጉዳይ ይህን ያሳያል። አንዲት ሴት በ2016 ተደፍራ ለፖሊስ ስታመለክት፣ ወንጀለኛው እንዲገኝ ብላ ናሙና ሰጥታ ነበር። የከተማው ፖሊስ ቤተ ሙከራ ፕሮፋይሏን በራሱ የውስጥ መዝገብ ውስጥ አስቀመጠው፤ ከዓመታት በኋላም በአንድ የንብረት ወንጀል ተጠርጣሪ ሆና የተያዘችው በዚያው ፕሮፋይል ነው። የፌዴራሉ ሕግ የተጎጂዎችን መረጃ በብሔራዊው መዝገብ ውስጥ ማስገባትን ይከለክላል፤ የአካባቢው መዝገብ ግን ከዚያ ሕግ ውጭ ነበር። ክሱ ተነሣ፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም በዚያው ዓመት እንዲህ ያለውን የሚከለክል ሕግ አወጣ። እስቲ አንባቢ ራሱን በዚያች ሴት ቦታ ያስቀምጥ። ከዚያ በኋላ ተደፍራ ወደ ጣቢያ ለመሄድ የምታመነታ ሴት ብትኖር ማን ይፈርድባታል? ተማሪያችን «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል» ሲል ያላሰበው አንዱ ነገር፣ መዝገቡ ሰዎችን ከፍትሕ ሊያርቅም እንደሚችል ነው።

ናሙና ለአንድ ዓላማ ተሰጥቶ ለሌላ ሲውል ከእኛ አካባቢ ሰዎች ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሌላም ምሳሌ አለ። በመስከረም 2009 የእንግሊዝ የድንበር ኤጀንሲ ሶማሊያዊ ነን የሚሉ ጥገኝነት ጠያቂዎች በእርግጥ ከሶማሊያ መምጣታቸውን በዲ.ኤን.ኤ. ለማወቅ ሙከራ ጀምሮ ነበር። ዲ.ኤን.ኤ. ድንበር አያውቅም፤ የኦጋዴንን ሰው ከሞቃዲሾ ሰው የሚለየው ፓስፖርቱ እንጂ ዘረ መሉ አይደለም። ጄፍሪስን ጨምሮ የመስኩ ሊቃውንት ሙከራውን አጥብቀው ነቀፉት፤ በኋላም ተቋረጠ። ሳይንስን ከማያውቅ ቢሮ እጅ ናሙና ሲገባ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚጠየቅበት ከዚህ በላይ የሚያሳይ አናውቅም።

ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ የዘመድ ጉዳይ ነው። በካሊፎርኒያ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በርካታ ሰዎችን የገደለና የደፈረ አንድ ሰው በሚያዝያ 2018 ተያዘ። በማንኛውም የፖሊስ መዝገብ ውስጥ አልነበረም። መርማሪዎች ከወንጀል ስፍራ የተገኘውን ዲ.ኤን.ኤ. ሰዎች ዘመዶቻቸውን ለመፈለግ ወደሚጠቀሙበት ጌድማች ወደተባለ መዝገብ አስገቡት፤ የሩቅ ዘመዶቹን አገኙ፤ የዘር ሐረግ እየሳሉ ወደ እሱ ደረሱ። የቀድሞ ፖሊስ ሆኖ መገኘቱም ስለ ቁልፍ ያዦች ማንነት የሚያሳስብ ነው። በዚያው ዓመት በሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ 1.28 ሚሊዮን ሰዎች ባሉበት መዝገብ ውስጥ ከአውሮፓውያን የሚወለድ አንድ አሜሪካዊ ቢፈለግ፣ ከ100 ጊዜ በ60ው በምንጅላት የሚገናኘው ወይም ከዚያ የቀረበ ዘመድ እንደሚገኝ አሳይቷል። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። አያቶቻችን በቃል የሚይዙትን የዘር ቆጠራ አሁን ኮምፒዩተር ይይዘዋል፤ ልዩነቱ ሽማግሌው የሚጠየቀው ለጋብቻ መሆኑ ነው። ያ ተማሪያችን ከአንድ ሳምንት በኋላ ቢሯችን መጥቶ፣ «ወንድሜ ናሙና ቢሰጥ እኔም ሰጠሁ ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆናል። በአማካይ ግማሹን ሰጥተሃል አልነው፤ ፈቃድህን ግን የጠየቀህ የለም።

እንግሊዞች ይህን የዘመድ ፍለጋ በራሳቸው መዝገብ ላይ ሲያደርጉ በከባድ ወንጀል ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ፈቃድ እየተሰጠ እንዲሆን ወስነዋል። ይህ ደንብ በግል ኩባንያዎች መዝገብ ላይ የለም። ከእነዚህ ኩባንያዎች ትልቅ የሚባለው ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በ2023 ወደ 6.9 ሚሊዮን የሚሆኑ ደንበኞቹ መረጃ በሰርጎ ገቦች ተወስዶበታል፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ኪሣራ የደረሰበት ነጋዴ የሚሸጠው ንብረቱን ነው። የዚህኛው ንብረት ምን እንደሆነ ማስታወስ በቂ ነው።

ወደ ሙያችን ወደ ስሌት እንመለስ፤ «ማሽኑ አይሳሳትም» የሚለውን እምነት መንካት ያስፈልጋልና። በ1999 በእንግሊዝ አገር በፓርኪንሰን በሽታ የሚሠቃይና ራቅ ወዳለ ቦታ ብቻውን መሄድ የማይችል ሰው፣ ከመኖሪያው እጅግ በራቀች ከተማ ቤት ሰብረሃል ተብሎ ተያዘ። በ6ቱም ቦታዎች ቁጥሩ ተመሳስሎ ነበር። በአጋጣሚ የመመሳሰል ዕድሉ ከ37 ሚሊዮን አንድ ነው ተባለ። በ10 ቦታ ሲመረመር ግን ሰውየው እንዳልነበረ ታወቀ። ማንም ቁጥሩን ሲሰማ ተአምር ይመስለዋል፤ ተአምር አይደለም። በዚያን ጊዜ በመዝገቡ ውስጥ ወደ 700,000 ሰዎች ነበሩ። 700,000ን ለ37 ሚሊዮን ስናካፍል አንድ ሃምሳ ሦስተኛ ገደማ ይመጣል። ባለቤታቸው በመዝገቡ ውስጥ የሌለ 100 የወንጀል ስፍራ ናሙናዎች ከመዝገቡ ጋር ቢመሳከሩ፣ ወደ ሁለት የሚጠጉ ንጹሓን በአጋጣሚ ይያዛሉ ማለት ነው። መዝገቡ በአሥር እጥፍ ሲሰፋ፣ የሚነበቡት ቦታዎች ካልጨመሩ በስተቀር፣ ስሕተቱም በአሥር እጥፍ ይሰፋል። ተማሪያችን እንዳለው የሁሉም ሰው ቢገባበት ምን ሊሆን እንደሚችል ማስላት ለአንባቢ የቤት ሥራ ይሁን።

በ16 እና በ20 ቦታ የሚሠራው የዛሬው ምርመራ ይህን ዓይነቱን አጋጣሚ እጅግ ቀንሶታል። የማይቀንሰው የሰው እጅ ነው። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወደ 40 በሚሆኑ የወንጀል ስፍራዎች የአንዲት ሴት ዲ.ኤን.ኤ. ተገኝቶ፣ በ2007 በሃይልብሮን ከተማ የተገደለችውን የፖሊስ ባልደረባ ጨምሮ ብዙ ወንጀሎች ለዚያች «መንፈስ» ተቆጠሩ። ፖሊስ ለዓመታት አሳደዳት። በ2009 ሲደረስበት፣ ዲ.ኤን.ኤ.ው የናሙና መውሰጃው ጥጥ በሚመረትበት ቦታ የምትሠራ ሴት ሆኖ ተገኘ። ጥጡ ከጀርም ነጻ ተደርጎ ነበር፤ ከጀርም ነጻ ማለት ግን ከዲ.ኤን.ኤ. ነጻ ማለት አይደለም። ወንጀለኛው ጥጡ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪውን በሐኪም ማስመርመር እንደሚችል፣ ምርመራውም ደም መውሰድን እንደሚጨምር ደንግጎ ነበር። ሕጉ ሲጻፍ የዲ.ኤን.ኤ. ቅርጽ ከታወቀ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር፤ የሕጉ አርቃቂዎች በአእምሯቸው የነበረው ደም የደም ዓይነቱንና አልኮል መኖሩን የሚናገር ደም ነው። ዛሬ ያቺው ጠብታ፣ በዚያው ቃል ተወስዳ፣ ያንን ሲዲ ሙሉ መረጃ ይዛ ትመጣለች። የቃሉ ፍቺ በቤተ ሙከራ ውስጥ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መልካም መነሻ ነው፤ ሆኖም ስለ ፖሊስ ናሙና በአጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ቋንቋ መናገር አይበቃም። ማቀዝቀዣው፣ ቁልፉ፣ የማስወገጃው ቀን በስማቸው መጠራት አለባቸው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ እንዳይመስለን አንድ ነገር እናስታውስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ሲያልፍ፣ አስከሬኖቹን ለመለየት የቻለው ዲ.ኤን.ኤ. ነበር። በኢንተርፖል እገዛ ጭምር በተካሄደው ሥራ፣ ከ35 አገሮች የመጡት ሟቾች ሁሉ በወራት ውስጥ ተለዩ። ለዚህም እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆች በሐዘናቸው መካከል ናሙና ሰጡ። የሰጡት የሚቀብሩት አካል ለማግኘት ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም። ኢንተርፖል በ2021 የጠፉ ሰዎችን በዘመዶቻቸው ዲ.ኤን.ኤ. የሚፈልግ መዝገብ ሲያቋቁም፣ የዘመዶቹን መረጃ ከወንጀል መዝገቦቹ ፈጽሞ የለየው ይህንኑ በመረዳት ነው።

በአገራችን ስለ ፖሊስ የዲ.ኤን.ኤ. መዝገብ የሚደነግግ ረቂቅ ለውይይት በቀረበ ጊዜ ሁሉ፣ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ እንዲነጋገሩበት መተው የለበትም። የሳይንስ ፋኩልቲዎች ረቂቁን ይዘው የሚከተሉትን ሊጠይቁ ይገባል፦ ከሰው የተወሰደው ናሙና በስንት ቀን ውስጥ ይወገዳል? መወገዱንስ ከፖሊስ ውጭ ማን ያረጋግጣል? ነጻ የወጣ ሰው ፕሮፋይሉ እንዲሰረዝ ማመልከት አለበት ወይስ በራሱ ጊዜ ይሰረዝለታል? መዝገቡን የከፈተ ሠራተኛ ስሙና ሰዓቱ ይመዘገባል? የተጎጂና የሐዘንተኛ ናሙና በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቁልፍ ሥር ይቀመጣል? የዘመድ ፍለጋ የሚፈቅደው ዳኛ ነው ወይስ የመምሪያ ኃላፊ? የወንጀል ስፍራውን ናሙና ከፍርድ በኋላ ለስንት ዓመት እንጠብቀዋለን? ለመጨረሻው ጥያቄ የእኛ መልስ ፍርደኛው በሕይወት እስካለ ድረስ የሚል ነው፤ ለሌሎቹ ያለንን በዚህ ጽሑፍ ገልጸናል፤ የተለየ ሐሳብ ያላቸው ተማሪዎችና ባልደረቦች በሚቀጥለው እትም እንዲሞግቱን እንጠብቃለን።